ማማው ላይ የቆመችው ልጅ

ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ማማው ላይ የቆመችውን ልጅ እጄን አንስቼ ሰላም እላት ነበር። አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም።

ማማ ማለት ገበሬው እህል ሲደርስ ማሳው መሃል በረጃጅም እንጨቶች ላይ የሚሠራው ቆጥ ነው። ልጆች እዚያ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ፤ ይጮሃሉ፣ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ በወንጭፍ ይወረውራሉ። እኔ ያደግኩት ደጋ ስለሆነ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ነው። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ዳር ነው። ባጃጅ እስከ ድልድዩ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ በግራም በቀኝም ማሽላ። የቆላ ማሽላ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በውስጡ የሚሄድ ሰው ኮቴው ይሰማል እንጂ እሱ አይታይም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ነፋስ ሳይኖርም ቅጠሉ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል።

በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የምሄደው በራሴ ፈቃድ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተረዳሁት፣ እዚህ አገር ትምህርት ከሙቀት ጋር እንደሚጋፋ ነው። ከረፋዱ በኋላ የክፍሉ ቆርቆሮ እየጋለ ይንጣጣል፤ ልጆቹ ዓይናቸው እንደተከፈተ ይተኛሉ። ስለዚህ ከመደበኛው ትምህርት በፊት በማለዳ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ፀሐይ በረድ ሲል ማጠናከሪያ እንዲኖረን ርዕሰ መምህሩን ለመንኩት።

“ዘበኛው በሩን ከከፈተልሽ እኔ ምን ቸገረኝ” አለኝ።

ዘበኛው ከፈተልኝ፤ እያጉረመረመ። “ቲቸር፣ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ደጋ ጥለሽው ነው የመጣሽው?”

ነገሩ ሠራ። በቀን አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች በማለዳው ቅዝቃዜ ይጠይቁ ጀመር። የትናንቱን ትምህርት የዛሬው ሳይደረብበት ስለሚደግሙት አይጠፋባቸውም። የቤት ሥራቸውን ማታ ከእኔ ጋር ጨርሰው ስለሚሄዱ፣ ቤት ገብተው ውኃ ቅጂ፣ ፍየል አስገባ ሲባሉ አይሳቀቁም። ሁሉም ልጅ ቤቱ ጠረጴዛና መብራት የለውም፤ ትምህርት ቤቱ ግን አለው። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ አስረዳ ነበር። ዘበኛው ሰምቶ ሰምቶ “እኔም ልመዝገብ እንዴ?” አለኝ።

ከሁሉ በላይ የምጓጓላት አንዲት ልጅ ነበረች። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ነጭ ሻሿን እስከ ቅንድቧ የምትጠመጥም፣ ክፍልፋይ ሲመጣ ላብ የሚያጠምቃት። ታላቅ እህቷ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወድቃ ዓረብ አገር ሄዳለች። ለእሷም አባቷ ቁርጡን ነግሯታል፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች እህቷን ትከተላለች። ስለዚህ ማጠናከሪያው ለሌሎቹ ጥሩ ነገር ነበር፤ ለእሷ ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ጥቅምት ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ መጣ። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ነው፤ ሲመጣ ግን እንደ ጭስ ነው፣ አንድ ማሳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው የክንፍ ድምፅ ዝናብ ይመስላል። የሚበላው በማለዳና አመሻሽ፣ ፀሐይ ሳይከር ነው። ልክ እንደኔ ክፍል። ወንበሮቼ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ ልጆቹ በየማማው ወጡ። ከማሳው ጭጋግ ውስጥ “ሃይ! ሃይ!” የሚል ድምፃቸው ይመጣል፣ ሰው ግን አይታይም። የፊት ወንበሯ ልጅ ግን አልቀረችም።

ያን ሰሞን ነው ማማው ላይ የቆመችውን ልጅ ልብ ብዬ ያየኋት። ሌሎቹ ማማዎች ሲጮሁ የእሷ ዝም ይላል። አትቀመጥም፣ አትዞርም። ነፋስ ሲነሳ እጅጌዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንድ ማለዳ ሰማዩ ትንሽ ገለጥ ሲል ዩኒፎርሙን ለየሁት፤ የእኛ ነው። ሻሹ ነጭ ነው፤ እስከ ቅንድብ ወርዷል። የፊት ወንበሯ ልጅ አባት ማሳ መሆኑን አውቅ ስለነበር “አለቀ፣ እሷም ቀረች” ብዬ አዝኜ አለፍኩ።

ክፍል ስገባ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋ በጤዛ ርሷል።

ወደ ወንበሯ ሄድኩ። ድምፄን አስተካክዬ ጠየቅኳት፤ “ማማችሁ ላይ ያለችው እህትሽ ናት?”

“እህቴ ዓረብ አገር ናት፣ ቲቸር።”

“ታዲያ ማን ናት?”

“የቷ?” አለች፤ ዓይኗን ግን ከደብተሯ አላነሳችም።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ማማው ላይ አየኋት፤ ለሩጫ በሚቀርብ እርምጃ ክፍል ደረስኩ፤ ቀድማኝ ተቀምጣለች። መንገዱ አንድ ነው፣ ማንም አልቀደመኝም። ማንኛውም ነገር ምክንያት አለው ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን በጠራራ ፀሐይ በረደኝ። ለዘበኛው ስነግረው ሳቅ አላለም። “ተይው ቲቸር። በማሽላ ወቅት እዚህ መንገድ ላይ የታየው ሁሉ አይጠየቅም” አለኝና ቁልፉን እያንሿሿ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰላም ማለቱን ተውኩ። በማማው ትይዩ ስደርስ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። ከኋላዬ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማለዳ የማባዛት ሰንጠረዥ ጮክ ብለን እያልን ሳለ በሩ ተከፈተ። አባቷ ነው። ሽርጡ እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል፣ ወንጭፉን በእጁ ጨብጧል። ሰላምታም አላቀረበ።

“መምህርት፣ ልጄ አንቺ ጋ ናት?”

“እዚሁ ናት፣ ጋሼ።”

አያትና ያየውን ያላመነ ይመስል ግድግዳውን ተደገፈ። “አዑዙ ቢላህ! ታዲያ ማማው ላይ ያለችው ማን ናት?”

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

“ከታች ቆሜ ተጣራሁ። አልመለሰችልኝም። ወፍ መጥቶ ራሷ ላይ አረፈ፤ ወላሂ፣ አልተነቃነቀችም። ልወጣ ስል የገዛ ልጄ ድምፅ ከዚህ ሲመጣ ሰማሁ፤ ሰባት በስምንት፣ ሰባት በዘጠኝ ስትል።”

ልጅቷ ተነሳች። ፊቷን በሻሿ ሸፍና “አባ፣ እኔ ነኝ የሠራኋት” አለች።

ሦስታችን ሄድን። በማሽላው መሃል አቋረጥን። ማማው ሥር ስንደርስ ግሪሳው በአንድ ጊዜ ተነሳ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ዝም አለ። ላይ ስንወጣ ዓምና የጠበባት ዩኒፎርም በመስቀለኛ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ገለባ ነው። ገለባ የታጨቀበት ራስ በአሮጌ ሻሽ ተጠምጥሟል። ፊት አልሠራችለትም፤ ከፊቱ ስቆም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ለወፍ ማስፈራሪያ የጨርቅ ሰው ማቆም ለሁሉም ገበሬ የተለመደ ነው፤ መሬት ላይ ያቆሙታል። እሷ ግን ለወፍ አልነበረም ያቆመችው። አባቷ ማለዳ ማለዳ ከወንዙ ዳር ሽንኩርት ሲያጠጣ ቀና ብሎ ማማውን ያያል። እንዲያያት ብላ ነው። ገና ሳይነጋ መጥታ ጥቂት ትጮሃለች፣ ከዚያ በማሽላው ውስጥ ለውስጥ ወደ እኔ ትመጣለች። ወፎቹ ግን ከአባቷ ቀድመው ነገሩን አውቀዋል። በማማው ዙሪያ ያለው ዛላ ሁሉ ባዶ አገዳ ሆኗል።

ይመታታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ የጨርቋን ልጅ እጅጌ ያዘ።

“ትልቋ በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች” አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ። “ድምፅ ብቻ። ሰውነቷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ይቺ ደግሞ ሰውነቷን እዚህ አቁማ ድምፅዋን ይዛ ሄደች።”

ስለ ማጠናከሪያው ላስረዳው ፈልጌ ነበር። “ፈተናው ከባድ ነው፣ ጋሼ” ብቻ አልኩ። ዩኒፎርሙን ከእንጨቱ አውልቆ፣ ገለባውን አራግፎ፣ አጥፎ ለልጁ ሰጣት። ወንጭፉን ይዞ ከማማው ወረደ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሰንጠረዡን ከቀሩት ጥቂት ልጆች ጋር ስንል መስኮቱን ከፈት አደርጋለሁ፤ ከማሽላው ውስጥ “ሃይ! ሃይ!” ይመጣል። አንዱ ድምፅ የእሷ ነው። ጸጥ ስንል እሱም ጸጥ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በአንድ ብርዳም ማለዳ ማማው ላይ እንደገና የቆመ ሰው አየሁ። ራሱ በነጭ ጨርቅ እስከ ቅንድቡ ተጠምጥሟል። አይንቀሳቀስም። ደግማ አቆመችው ማለት ነው፤ አሁንስ አይምራትም ብዬ ፈራሁ። መሬት መሬት እያየሁ፣ ቶሎ ቶሎ እየረገጥኩ በትይዩው አለፍኩ።

“መምህርት!” የሚል የወንድ ድምፅ ከላይ መጣ። “ደጋ ሰላምታ ክልክል ነው እንዴ?”

ቀና አልኩ። አባቷ ነው። በአንድ እጁ ወንጭፉን ይዟል፣ ሌላውን ወደ ላይ አንስቷል።

“ሂጂ እንጂ” አለኝ፣ በብርዱ ይሁን በሌላ ድምፁ እየሻከረ። “ቀድማሽ ገብታለች።”

ከኋላዬ ወንጭፉ ጮኸ፤ ግሪሳውም ተነሳ።