ዕድሩ በሙሉ ለምስክርነት የወጣ ቀን

ባለፈው ክረምት፣ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ሊዘጋ ሲል ነው። ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ እናቴ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

ታላቄ ሀብታሙ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። አባታችንም ቀድሞ ሞቷል። ሀብታሙ ታክሲ የሚሠራባት ቪትዝ መኪና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ቆማ ቀረች። ልሠራባት መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ግን እናቴና እኔ ወራሽ መሆናችን በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ በስማችን አትዞርም። የዚያን ቀን ካልሆነ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ መጠበቅ ነው።

ጠበቃችን ቢሯቸው ሩዋንዳ ሰፈር ነው። ሥራ የሚያዙት መኪና እየነዱ በስልክ ነው። ረዳታቸውን ሰላምን "የሰፈሩን ሰው ለምስክርነት ጥሪ" ብለዋት ዘጉ። ስንት ሰው እንደሆነ አልነገሯትም፤ እሷም መልሳ አልጠየቀችም። ለዕድራችን ሊቀመንበር ለአቶ በቀለ ደወለች። ዕድር ከጠራ ደግሞ መቅረት የለም።

ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ወረዱ። አቶ በቀለ ግቢው ውስጥ ስም መጥራት ጀመሩ። ጥበቃው "ለቅሶ ቤቱ እዚህ አይደለም" አላቸው።

ጠበቃው ይህን ሲያዩ ወደ ረዳታቸው ዞሩ።

"ሰላም! ሠርግ ነው እንዴ የጠራሽው?"

"ጥሪ አሉኝ፣ ጠራሁ። ስንት እንደሆነ መቼ ነገሩኝ?"

"ሦስት ነዋ!"

"ምን እንደሚጠየቁስ?"

ጠበቃው ይህን ጊዜ ቆም ብለው በደንብ አስረዷት። "አንቺ ምረጪ፤ እኔ ተራችን እንዳያልፍ ልግባ" ብለው ሮጡ።

ሰላም ደረጃው ላይ ወጣች። "ሀብታሙን በደንብ የሚያውቅ?"

ሁሉም እጁን አወጣ። "ቁርሱን እኔ ቤት ነው የሚበላው!" "መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው!" ግርግር ሆነ።

"ዳኛ ፊት ሳያለቅስ የሚናገርስ?"

እጁ ሁሉ ወረደ። እኔም አቀረቀርኩ።

በስንት ልመና አቶ በቀለ፣ ጎረቤታችን ጀማልና እትዬ ወይንሸት "እንሞክራለን" አሉ። ሰላም "የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ" ብላ አስገባቻቸው።

ሁለቱ ወንዶች አሳምረው መሰከሩ። እትዬ ወይንሸት ተራቸው ደረሰ።

"ሟች ሚስት ነበረው?" አሉ ዳኛዋ።

"የለውም። የእህቴን ልጅ ብሰጠው እምቢ ያለ ነው! እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ክብርት ዳኛ!"

ዳኛዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጠበቃው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ሳቀች። እንባዋም ይወርድ ነበር፤ የሳቅ ይሁን የለቅሶ አላወቅሁም።

ወራሽነታችን በዚያው ቀን ተወሰነ። ስንወጣ ሰላም ጠበቃውን "ሁለተኛ ሲያዙኝ መኪናውን አቁመው ይዘዙኝ" አለቻቸው። "እሺ" አሉ።

አሁን በመኪናዋ እየሠራሁ ነው። መገናኛ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ያ ቀን ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ፤ ተሳፋሪው በመስታወት ያየኛል። ቀጥሎ ይከፋኛል። እንዲህ ያለ ነገር ማውራት የሚችልበት ሀብታሙ ነበር። እኔ የማወራው እንዲህ እየተደናቀፍኩ ነው። ቢሆንም፣ ይህን ለማንም ሳይሆን ለእሱ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር።