ኤሊን የተሸከመው አህያ

ሠፈሩ እትዬ መርፌ ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሶፋ ስታለብስ ስለኖረች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ባሏ እንጨቱን ይገጥም ነበር፣ እሷ ጨርቁን ቀድዳ ትሰፋ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ እዚያው የስፖንጅ ብናኝ ውስጥ አደጉ፤ ታላቁ በመዶሻው አባቱን ወጣ፣ ታናሹ በመርፌው እሷን።

አባታቸው ታሞ በተኛ ጊዜ ታናሹ ሩቅ ከተማ የሆቴል ወንበሮች ሊያለብስ ሄዶ ነበር። ታላቁ አልጠራውም። ታናሹ ሲመጣ አባቱ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም፤ አንዱ በፊት በር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል። ዘመድ መጣ፣ ዘመድ ለመነ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። እናት ከሞት አብልጣ የምትፈራው ይህንኑ ነበር። «እኔንማ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ይቀብረኛል» ትላለች፤ እየሳቀች ነው የምትለው።

ወንድማማቾቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ጨዋታ ያመጣችው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ሴት ልጇ ናት። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ እንስሳ ይሆንና ከሌሎቹ ጋር ጉዞ ይወጣል። አንድ ሰው መንገዱን ይተርካል፤ ወንዙም ሌባውም ዝናቡም እሱ ነው። ይሆናል አይሆንም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ባለ ስድስት ቁጥሩ ዳይስ ይጣላል። ተራኪው አንዴ ያወራውን መመለስ አይችልም። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወንድም፣ እህት፣ እናት ብሎ መጥራት የለም፤ የሚጠራው እንስሳው ብቻ ነው። ተራኪ ማን ይሁን ተብሎ እንኳ አልተጠየቀም፤ እናት ናት።

በመጀመሪያው እሑድ ለየብቻ የተጠሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆች በር ላይ ተገናኝተው ሊመለሱ ሲሉ እናት ከጓዳ ሆና፣ «የምን መደንገጥ ነው? እኔ ሰው አልጠራሁም። የጠራሁት አህያና ኤሊ ነው» አለች።

ታላቁ አህያ ሆነ፣ ታናሹ ኤሊ፣ እህታቸው ጃርት። እናት እየተረከች ከአንድ ድልድይ አደረሰቻቸው።

«ለኤሊው ንገሪልኝ፣ ድልድዩን ቀድሞ ይሻገር» አለ አህያው።

«እኔ ጃርት እንጂ ስልክ አይደለሁም» አለች ጃርቷ።

ድልድዩ ላይ ዘበኛው ጅብ ነበር። እናት ድምፅዋን አጎርንና «ማለፊያ ወረቀት» አለች። አህያው ደረቱን ነፍቶ ጅቡን እኔ አናግረዋለሁ ሲል፣ ኤሊው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም?» አለው።

«አንተ ምን ቸገረህ፤ አንገትህን ቀብረህ ትተኛለህ።»

ቀጥታ ተነጋገሩ። እናት ሰማች፤ ግን እንዳይነቁባት ፈርታ ማጎርነኗን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ጨርቅ የሚቀደድበት ጠረጴዛ ሐይቅ ይሆናል፣ ጫካ ይሆናል። ራሷ ያወራችው ዝናብ ሲያንዘፈዝፋቸው እያየች ትደነቅ ነበር። ትልልቅ ወንዶች፣ የጺማቸው ዳር መሸበት የጀመረ፣ ሻይ ብርጭቋቸውን አቅፈው ለሌለ ብርድ ይጠጋጋሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወሬ አለቀባት። ካርታ የያዘ አንድ ሽማግሌ ሽመላ ከሐይቁ ማዶ አለ ብላ ነበር፤ ምን እንደምታደርገው ጠፋትና አፏ እንዳመጣላት ቀጠለች። «ሽመላው ታሟል። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ትንፋሹ እያጠረ…»

የራሷን ድምፅ ሰማችው። መስኮቱ ሥር ያለው የባሏ አልጋ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዛሬም ማንም አይተኛበትም። ቃሏን ልትውጠው ፈለገች፤ ተራኪ ግን ያወራውን አይመልስም።

ጃርቷ ከንፈሯን ነከሰች። አህያው ዳይሱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ኤሊን ተሸክሜ እሄዳለሁ» አለ።

«ከባድ ነኝ» አለ ኤሊው። «ብትዘገይስ?»

«ልዘግይ። ሽመላው ኤሊን አትጥሩት፣ መንገድ ላይ ይደነግጣል ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት። እሺ ማለት አልነበረብኝም።»

ዳይሱን ጣለ። አምስት ወይም ስድስት ካልወጣ አይደርሱም። አንድ ወጣ።

እናት ልትዋሽላቸው ትችል ነበር። ደረሱ፣ ሽመላውም ተነሥቶ ተቀመጠ ብትል ማን ይከለክላታል? ግን ከሁለቱ ፊት ላይ ያየችው ነገር ውሸቱን አስጣላት። «አልደረሱም» አለች ቀስ ብላ። «አህያው ኤሊን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆመ። አልጋው ባዶ ነበር።»

ኤሊው ራሱን ነቀነቀ። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ ከረጅም መንገድ በኋላ ቁጭ ያለ ሰው ይመስል ነበር። «ሁለታችንም ዘገየን» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን አንሥቶ ወንድሙን አየው። «ጋሼ፣ አባዬ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ታላቁ አፉን በእጁ ጠረገ። «አልጋው አጠገብ ያለውን አንተ የሰፋኸውን ወንበር እያየ፣ ‹የዚህ ልጅ ስፌት ጠማማ ነው፣ ግን አይለቅም። እኔ ስሞት አቃናለሁ ብለህ እንዳትፈታው› አለኝ።»

ታናሹ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።

እናት ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። በዚያ ሁሉ የሕመም ቀን ከባሏ ራስጌ አልተለየችም፤ የተናገረውን ሁሉ የሰማች፣ እሱንም ጨርሳ ያወቀችው ይመስላት ነበር። ለካ ውሃ ልትቀዳ በተነሣችበት ቅጽበት የተነገረ፣ ልጇ ሆድ ውስጥ የኖረ ቃል አለ። ባሏ አሁን ከደጅ የገባ መሰላት።

«ሌላስ?» አለች፣ ልጅ ተረት እንደሚለምን። «ሌላስ ምን አለ?»

ታላቁ ወንበሩን ወደ ወንድሙ አስጠግቶ መናገር ጀመረ።