መድኃኒትሽን ጣይ የተባለችው እህቴና እኔ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የወጣሁት። ተናድጃለሁ። እንደተናደድኩ እመሰክራለሁ፣ ታገሡኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አስቴር እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። በዚህ ጸሎት ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር እተፋ ነበር። አዎ፣ እተፋ ነበር! ታናሽ እህቴ ሙሉ እዚህ ነበር የምታመልከው።

ሙሉን ታስታውሷታላችሁ፤ ዊንጌት አካባቢ ሕፃናት ታስተምር የነበረችው። ጡቷ ላይ እባጭ ወጣባት፣ ካንሰር ነው ተባለ። ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ጀምራ ሁለት ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ነቢይ ነኝ የሚል አንድ እንግዳ መጣ። እዚሁ መድረክ ላይ እጁን ጫነባትና "ተፈውሰሻል! ከእንግዲህ ሆስፒታል ብትሄጂ ጌታን ካድሽ ማለት ነው። መድኃኒትሽን ጣይው!" አላት። እናንተም አጨበጨባችሁ። ወገኖቼ፣ አጨበጨባችሁ!

"ሙልዬ፣ በእናታችን አጥንት፣ ቀጠሮሽን አትዝለይ" ብዬ ለመንኳት።

"አስቱ፣ እምነቴን አታዳክሚብኝ" አለችኝ።

ቁስሉ ፈንድቶ እንኳ "ተፈውሻለሁ" ትል ነበር። ስትሞት ሰውዬው ለቀብሯ አልመጣም። ከእናንተ አንዳንዶቹ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ "እምነቷ ቢጎድል ነው" ስትሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቀን እናንተንም እግዚአብሔርንም ጠላሁ።

ዓመታት አለፉና በእኔም መጣ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምታወራው። "ወይዘሮ አስቴር፣ እንደ እህትዎ ዓይነት ነው። ወደ ሳንባም ተሻግሯል" አለችኝ።

"በቃ፣ መሞቴ ነው?"

"አይደለም። ከውጭ አገር ሐኪሞች ጋር የምንሠራው ጥናት አለ። ከተስማሙ እርስዎንም እናስገባዎታለን።" ከዚያ አስረዳችኝ። ኬሞው በዓይን በማይታይ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ቅንጣት ተጠቅልሎ ይገባል፤ እባጩ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ። አብሮት የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የራሴን የሰውነት መከላከያ ይቀሰቅሳል። "ካንሰሩ ወታደሮችዎን 'የቤት ሰው ነኝ' ብሎ አታሏቸዋል። መድኃኒቱ ማታለያውን ይነጥቀዋል" አለችኝ። ልክ እንደዚያ ነቢይ፣ አልኩ በልቤ። የቤት ሰው መስሎ የገባ!

ተስማማሁ። ሕክምናው በተጀመረ ቀን ግሉኮሱ ተሰክቶልኝ ተጋድሜ ሳለሁ፣ መታመሜን ሰምተው የዚህ ቤት ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ ገቡ። ደሜ ፈላ። "መድኃኒትሽን ጣይ ሊሉኝ ነው? ይውጡልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። በሽተኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ያን ቀን መድረክ ላይ ከሰውዬው ጎን ቆሜ ነበር። እኔ የስኳር መድኃኒቴን ጠዋት ጠዋት እየዋጥኩ፣ ሙሉን 'መድኃኒትሽን ጣይ' ሲላት ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ" አሉና በዚያ ዕድሜያቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ።

ይቅር አላልኳቸውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተሳደብኩ። እሳቸው ግን በየቀጠሮዬ መጡ። አልሰበኩኝም። ሲያስመልሰኝ ሳፋ ይዘውልኛል፣ ፀጉሬ ሲረግፍ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። አራተኛው ቀጠሮ ላይ "ጋሽ ማቴዎስ፣ አምላክዎ ስለ ሙሉ ሞት ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ካንቺ ይልቅ የተቆጣ ይመስለኛል። የተዋሸው በእሱ ስም እኮ ነው" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ እግዚአብሔር ከዚያ ሰውዬ ጋር የቆመ ይመስለኝ ነበር! አልጋው ላይ እንዳለሁ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ "ጌታ ሆይ፣ ተናድጃለሁ። አንተም ከተናደድክ እንግዲህ አብረን እንሁን" አልኩት። ሃሌሉያ! የዳንኩት ያኔ ነው። እባጩ ገና አልሟሸሸም ነበር፤ እኔ ግን ድኛለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ማቴዎስን ይቅር ያልኳቸው።

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። ቆዳዬ አሳከከኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ክር መያዝ አቃተኝ። ከወራት በኋላ ግን ዶክተሯ የሳንባዬን ምስል ደጋግማ አየችና "ጨርሶ ጠፍቷል አልልዎትም። ምስሉ ላይ ግን አላየሁትም" አለች። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። ጌታ ይባረክ!

አሁን ደግሞ "ያዳነሽ ጌታ ነው ወይስ መድኃኒቱ?" ትሉኛላችሁ። ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ያን ደቃቅ ቅንጣት ያሰበውን አእምሮ ማን ፈጠረው? ጌታን ከሐኪም ጋር የሚያጣላ ሰው እህቴን ቀበረብኝ። ዳግመኛ እዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ማንንም መድኃኒትሽን ጣይ የሚል ቢመጣ፣ ማይኩን የምነጥቀው እኔ ነኝ!

ቁጣዬ አልወጣልኝም፤ ጌታም ተይው አላለኝም። ግን አመሰግነዋለሁ፣ በየጠዋቱ አየር ስስብ አመሰግነዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመካከላችሁ እባጯን ደብቃ፣ እየጸለየች ብቻ የተቀመጠች እህት ካለች፣ ስምሽን አልጠይቅሽም። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ጌታን ታመኚውና ነዪ፤ እጅሽን ይዤ ሆስፒታል አብሬሽ እገባለሁ።