ሁለት ፌርማታ ሲቀር

እኔ የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ፣ እሷ የፃግብጂ። የተዋወቅነው ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ሰቆጣ ስንገባ ነው። እንደ ሌላው የገጠር ልጅ ቤት ተከራይተን፣ ስንቅ ከየቤታችን እየመጣልን አራት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖርን። እናቷ በገበያ ቀን በሶ ሲያመጡ የኔንም ድርሻ ለብቻ ቋጥረው ነበር የሚመጡት። ፈተና ሲደርስ እኔ አማርኛና ታሪክ አስረዳታለሁ፣ እሷ ሒሳብ ታስረዳኛለች። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም።

አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው፤ የዋግ አገዎች ቋንቋ ነው። እኔም እናገረዋለሁ። አባቴ ወታደር ስለነበረ ግን ቤታችን የሚወራው በአማርኛ ነው። ሰቆጣ ሳለን ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ስንመደብ ሁለታችንም አንድ ከተማ ደረሰን። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ያደረግነውን ያደረግነው ሰዎች ነን እንጂ ከተማዋ አይደለችም። ዶርማችን በአንዱ ጫፍ፣ የምንማርበት ግቢ በሌላው ጫፍ ነበር። የተማሪው ሰርቪስ ገና በር ሳይከፍት ስለሚሞላ ጠዋት ጠዋት የምንሄደው በከተማ አውቶቡስ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ብረቱን በሁለት እጃችን ጨብጠን፣ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሰው ላይ እየወደቅን እንስቅ ነበር።

በዚያ መስመር የሚሠራው ትኬት ቆራጭ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ጓደኛዬ "ወራጅ አለ" ስትል ቃሉ በኽምጥኛ ቅላፄ ከጉሮሮዋ ነበር የሚወጣው። ሰውዬው እንደሷ አድርጎ ይደግመዋል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። መጀመሪያ ቀን እሷም ሳቀች። በሦስተኛው ቀን አልሳቀችም። እኔ በሦስተኛውም ቀን ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ እሷን ወክዬ "ወራጅ" የምለው እኔ ሆንኩ። ደግነት ይመስል ነበር፤ ግን ስለራሴ ነው ያፈርኩት። አንድ ቀን ዶርም ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ በኽምጥኛ እንዳታናግሪኝ፣ በአማርኛ አውሪኝ አለዚያ ዝም በይ አልኳት። የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ክሩን ማሰር ቀጠለች። ዝምታን መረጠች። ሰንበት ብሎ እኔ በፊተኛው በር፣ እሷ በኋለኛው በር መግባት ጀመርን። ማን እንደ ጀመረው አልተነጋገርንበትም፤ የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።

የሁለተኛው ሴሚስተር ፋይናል ሲደርስ ጊዜው ከፍቶ ነበር። ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ስልክም ከቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ከተማው ውስጥ ሰው ሰውን በዓይኑ ይፈትሽ ነበር። የሒሳብ ፈተና ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ፣ እሷ መሃል ላይ ቆማለች። ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበሩ፤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ድረስ በእግራቸው ተጉዘው ነው የደወሉት። ድምፃቸው ከጠፋ ወር አልፎት ነበር። አለማንሳት አትችልም። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ጮክ ብላ፣ በኽምጥኛ፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ ከብቶቹስ እያለች ታወራ ጀመር።

ከኋላዬ የተቀመጠ ጃኬት የለበሰ ሰው ይህች ልጅ ምን እያለች ነው ብሎ ጠየቀ። አንዱ ትግርኛ ነው አለ። አንዲት ሴትዮ፣ አይደለም፣ እኔ ትግርኛ እሰማለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው አሉ።

"ሌላ ከሆነማ የባሰ ነው" አለ ሰውዬው፤ ተነሣ።

ትኬት ቆራጩ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ነጠቃት። የእናቷ ድምፅ ለአፍታ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ፤ ከዚያ ዘጋው። አገውኛ ነው፣ የዋግ ልጅ ነኝ፣ እናቴ ናት አለች። የተማሪ መታወቂያዋን አወጣች። ጃኬት የለበሰው ሰው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ይሄንን ማንም ያሠራዋል አለ። በሰው መሃል ፈለገችኝና አገኘችኝ።

"እሷን ጠይቋት" አለች። "ያገሬ ልጅ ናት።"

አውቶቡሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ትኬት ቆራጩ በትሕትና "እህት፣ ታውቂያታለሽ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን እህት ብሎኝ አያውቅም።

ጨርሶ አላውቃትም ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን ከዚያም የከፋ ነው።

"ግቢ ውስጥ አይቻታለሁ" አልኩ። "ከየት እንደመጣች ግን አላውቅም።"

ለግቢው ሁለት ፌርማታ ሲቀር አውቶቡሱ ቆመ። ጃኬት የለበሰው ሰው ክንዷን ይዞ ወረደ፤ ሌላ አንድ ሰው ተከተላቸው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቴ በኩል አለፈች። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን የፎርሙላ ወረቀት ማንበብ ቀጠልኩ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ደነገጥሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት።

ፈተናው ተጀመረ። ወንበሯ ከኔ ሁለት መስመር ፊት ባዶውን ነበር። ራሷ ያስጠናችኝን ጥያቄ ራሷ ባሳየችኝ መንገድ ሠራሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ እሷ ነበረች። ሻሿ የለም፣ ቀሚሷ ብብቷ ሥር ተተርትሯል። ፈታኙ ሰዓቱን አሳያትና ከግማሽ ሰዓት በላይ ያረፈደ አይገባም፣ ሕጉ ነው አላት። ምን እንደደረሰባት ልትነግረው ሞከረች፤ አማርኛው ጠፋባት። ፈታኙ በሩን ዘጋው።

የወሰዷት ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ እዚያ ቀድሞ ሰቆጣ የሠራ አንድ ፖሊስ አግኝታ ነው የተፈታችው። የዋግን አገው የማያውቅ ሰው አለ እንዴ ብሎ ይዘዋት የመጡትን ተቆጥቷል አሉ። ይህንን ከሌላ ሰው ስሰማ ተጽናናሁ። ትግርኛ ተናጋሪ ብትሆንስ ኖሮ ማን ይፈታት ነበር ብዬ ለመጠየቅ ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ሬጅስትራር ማመልከቻ አስገባች፤ ከፖሊስ ጣቢያ ደብዳቤ አምጪ አሏት፤ ጣቢያው መዝገብ ላይ አላሰፈርንሽም አላት። በሒሳብ ዜሮ ተሰጣት። ዜሮው ጠቅላላ ውጤቷን ስላወረደው፣ ውጤት ሲወጣ ስሟ ከተባረሩት ጋር ተለጠፈ። ከፈተናው እስክትሄድ በነበሩት ሁለት ሳምንታት በአማርኛ ብቻ ነው ያናገረችኝ፤ መብራቱን አጥፊው፣ ቁልፉ የት ነው፣ ከዚህ የዘለለ የለም። ልትሄድ ስትል ሻንጣዋን ልያዝልሽ አልኳት። ተይው አለችኝ።

ፃግብጂ ስድስት ወር እንኳ አልቆየችም። እንደ ብዙ ያገራችን ልጆች በባሕር ተሻግራ ዐረብ አገር ገባች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ተመርቄ ሰቆጣ ሥራ ያዝኩ። እናቷ በገበያ ቀን ሲያገኙኝ ጉልበቴን ሊስሙ ይቃጣሉ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለች በሰው ከተማ ብቻዋን ያልሆነችው በአንቺ ነው ይሉኛል። ምን እንደሆነች አልነገረቻቸውም፤ ትምህርቱ ከበደኝ ነው ያለቻቸው። ሒሳብ ከበዳት ብለው ያምናሉ። እኔም አላረምኳቸውም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቷን ይዘው ቤቴ መጡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምታርፍበት ቦታ አጥታለች። ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም አሉ። እሺ አልኳቸው፤ እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ።

ያን ሳምንት ቁጥሯን ፈልጌ ደወልኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ድምፄን ወዲያው ለየችው። ስለ አውቶቡሱ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት፤ ለረጅም ጊዜ ተዘጋጅቼበት ስለነበር ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ለኔ ነው ወይስ አንቺ እንድትቀልይ?" አለችኝ።

"ወረቀት ስታነቢ አይቼሻለሁ" አለች። "ያን ሰውዬ ረስቼዋለሁ፤ መልኩም ጠፍቶኛል። አንቺን ነው የማስታውሰው።"

እህቷ እኔ ቤት መግባቷን ነገርኳት፤ ከፈለግሽ ሌላ ቤት እፈልግላታለሁ አልኳት። ከጀርባዋ ልጅ ያለቅስ ነበር፤ በዐረብኛ የሆነ ነገር ብላ አባበለችውና ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"እዚያው ትቆይ" አለች። "እንዳትነግሪያት ግን። ብትጠላሽ የት ትሄዳለች?"

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እታለም እያለች ነው የምትገባው። በሒሳብ እንደ እህቷ ናት። ማታ ማታ አብረን እንቀመጥና እኔ አማርኛና ታሪክ አስረዳታለሁ።