ያልበራልን መብራት ዕዳ

ሐይቅ ከተማ የኖርንበትን ቤት የሰጠን ቀበሌው ነው። ሲሰጠን ቁልፉን፣ አንድ እግሩ የተሰበረ አልጋና የቀድሞውን ተከራይ የመብራት ዕዳ አብሮ ሰጠን። አልጋውን የገባን ዕለት አየነው። ዕዳው መኖሩን ያወቅነው ግን ከወራት በኋላ፣ በስልክ ነው።

የቀድሞው ተከራይ ካድሬ ነበር። በኤሌክትሪክ ምድጃ ያስበስል፣ ሸሚዙን በኤሌክትሪክ ካውያ ያስተኩስ፣ ራዲዮኑን ቀኑን ሙሉ ያስጮህ እንደነበር ጎረቤቶቻችን ነገሩን። ኋላ ሹመት አግኝቶ አዲስ አበባ ሄደ። ቆጣሪው በስሙ እንደተመዘገበ ግድግዳችን ላይ ቀረ። የእኛ አምፖል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አባቴ የምሽቱን የዒሻ ሶላት እንደጨረሰ ያጠፋዋል። «ለማን ነው የሚበራው?» ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ።

ያኔ እንደ እኛ ያለ ሰው ቤት ስልክ የለም። ከሌላ ከተማ የሚፈልግህ ሰው ካለ የስልክ ቤቱ ተላላኪ የጥሪ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሚጠራው ሰው፣ ጥሪው የመጣበት ከተማና ሰዓቱ ነው። ማን እንደጠራህና ለምን እንደጠራህ አይጻፍም። በደህና ጊዜ ቢሆን ይህ ምንም አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። እዚያ ከደረሰ በኋላ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ጠፋ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሞት በስልክ አይነገርም፤ «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ኑ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ልጁ የዘመተበት ቤት የጥሪ ወረቀት ከገባ፣ ሰፈሩ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ተላላኪው «ለአባወራው፣ ከደሴ» ብሎ አነበበላት። ምስሩ ላይ ቁጭ አለች። «ያ ረቢ፣ ልጄን» አለች። አባቴ ጥምጣሙን በወጉ እንኳ ሳይጠመጥም ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። ተላላኪው ደጃችን ሲገባ ያዩ ሴቶች፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ተከተሉት። ለለቅሶ ነጠላ ተዘቅዝቆ ይለበሳል። ወሬው ገና ስላልታወቀ ነጠላቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና የስልክ ቤቱ አጥር ሥር ቆሙ፤ ለማዘቅዘቅም ቀና አድርጎ ለመልበስም እንዲመቻቸው።

አባቴ እጀታውን አንሥቶ «ልጄ ሞተ ወይ?» አለ።

«ኧረ የለም አባቴ፣» አለ አንድ ጨዋ የወጣት ድምፅ። «ከመብራት ቢሮ ነው። ያልተከፈለ ሒሳብ አለ።»

ሒሳቡ በካድሬው ስም የተመዘገበ ነበር። አባቴ ይህ ሲገባው ጩኸቱ ያለ ስልክም ደሴ የሚደርስ ነበር።

«ሰውየው እኔ አይደለሁም!»

«አውቃለሁ አባቴ። እሳቸው ሲጠሩ አይመጡም። እርስዎ ግን ይመጣሉ።»

«መጥታችሁ ቁረጡታ!»

«የመኪናችን ነዳጅ አልቋል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጉኝ ነው?»

«እንደውላለን።»

አባቴ የመብራት ቢሮውን፣ ካድሬውንና ስልክን የፈጠረውን ሰው እየተራገመ ወጣ። ሴቶቹ ሲሳደብ ሲሰሙ «አልሐምዱ ሊላህ!» «ተመስገን!» ተባባሉ፤ ነጠላቸውን ቀና አድርገው ለብሰው ወደየቤታቸው ሄዱ።

የመብራት ቢሮው ልጅም እንዳለው አደረገ፤ ደወለ። በየጥቂት ሳምንቱ ወረቀት ይመጣል። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፣ አባቴ ይሮጣል፣ ሴቶቹ አጥሩ ሥር ይሰለፋሉ፣ አባቴ እየተሳደበ ይወጣል፣ ሰፈሩ አላህን ያመሰግናል። አባቴ ከመስጊድ የማይጠፋ፣ አፉ የታረመ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ስድቡ የሰፈሩ የምሥራች ሆኖ አረፈው።

እኔን ግን ነገሩ ማሳቁን ተወ። ለሌላው ቀልድ ቢሆንም እናቴ ከመሬት በተነሣች ቁጥር እያነሰች ነበር የምትነሣው። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ አንድም ቀን አላለቀሰችም፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ እንባዋን ውጣ ነው የኖረችው። አንድ ቀን ደሞዝ ተቀብዬ ስመጣ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«እከፍለዋለሁ!» አልኩ። «ያ ሌባ ለበላው እማ ትሙትልን እንዴ? ከፍዬ እገላገለዋለሁ!»

«አትክፈይ፣» አለች እናቴ።

«ለምን እማ?»

«አሁን ወረቀት ሲመጣ መብራት ነው እላለሁ። አንቺ ከፍለሽ ከዘጋሽው፣ ቀጥሎ ሲመጣ ምን ልበል?»

እኔ ለአርባ ተማሪ ጥያቄ መልስ የማላጣ አስተማሪ፣ ደሞዜን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። አባቴ ቆጣሪውን ቀና ብሎ አየው፤ «ይቆይ በቃ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዕዳውን እንደ ጥገት ላም ጠበቅነው። አባቴ ስልኩ ላይ እምቢም አይል፣ እሺም አይል፤ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ወር እናያለን» ነው። እናቴም ወረቀት ሲመጣ አሁን የምትለው ነገር አገኘች። አባቴ እስኪመለስ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ «መብራት ነው፣ መብራት ነው» ትላለች።

ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት አንድ ቀን ወረቀቱ እንደ ልማዱ መጣ። ሴቶቹም ነገሩን ለምደውታልና ዘና ብለው ወጡ፤ አንዷ እንዝርቷን ሳይቀር ይዛ እየፈተለች ነበር። ስልክ ቤት ውስጥ የሆነውን አባቴ ኋላ ነው የነገረን። ያ ጨዋ ልጅ ደስ ብሎት ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ! ሰውየው ተገኝተው ሒሳቡን ሁሉ ከፍለዋል። ከእንግዲህ አንጠራዎትም። ይህን ያህል ጊዜ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ይቅርታ የጠየቀን ሰው እንዴት ይሳደቡታል? አባቴ «እሺ» ብሎ ዘጋ። ለእናቴ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ሴቶቹ «ምነው?» ቢሉት አልሰማቸውም።

ሳይሳደብ ሲያልፍ ያየች አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ጩኸቱ ከአስፋልቱ በኩል ሲመጣ ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። «መብራት ነው» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ በበሩ ገቡ። እናቴ አንድም ነገር አልጠየቀቻቸውም፤ ነጠላቸውን አየች። ያን ዕለት የጮኸችውን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው አፍ አልሰማሁም። እኔም አመንኩ። ወንድሜ ሞተ ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

አባቴ ዕድሜው አልፈቀደለትምና ከሁሉም ኋላ፣ እያለከለከ ደረሰ። «መብራት ነው!» አለ። «መብራት ነው እኮ! ዕዳው ተከፍሎ ነው! ስለ ልጁ ምንም አልተባለም!»

ለቅሶው ባንድ ጊዜ አልቆመም፤ አንድ በአንድ እያለ ጠፋ። ባለ እንዝርቷ አፍራ አባቴ ላይ ዞረችበት። «ምን አለ እንደ ልማድዎ ቢሳደቡ!» አለችው። አባቴም ይቅርታ ጠየቃት።

እናቴ ግን አላቆመችም። ያቀፈቻት አሮጊት ጎረቤታችን «አብሽሪ እንጂ፣ ሰማሽ የለም? መብራት ነው አሉ፣ ልጅሽ ደኅና ነው» ብትላት፣

«ተዉኝ፣» አለች። «አንዴ ወጥቶልኛል፣ ልጨርሰው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ልጁ ያልዘመተባት ጥቂት ናት። ቀና አድርገው የለበሱትን ነጠላ መልሰው አዘቀዘቁና ዙሪያዋን ተቀመጡ። አባቴ ጥምጣሙን አውርዶ ደጃፉ ላይ ኩርምት አለ። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ተለቀሰ። እናቴ ስታበቃ ፊቷን ታጥባ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰገደችና እራት ሠራችልን።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራንም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በወልድያ መንገድ በባዶ እግሩ፣ ቡድን ቡድን እየሆነ በከተማችን አለፈ። እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ውሃ እያጠጣች የሁሉንም ፊት አየች። ወንድሜ የለበትም። ሲያልፉ ያናገርናቸውም አያውቁትም። ሰንበትበት ሲል የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡና አባቴን አማከሩት፤ መርዶ የሚያመጣ ባይገኝም ልጁ እንዲሁ አይቅር፣ ሐዘን እንቀመጥለት፣ ዱዓም ይደረግለት አሉ። አባቴ እናቴን አያት።

«ዱዓውን አድርጉለት፣» አለች እናቴ። «ለቅሶው ተለቅሷል።»