እናቴ ማሳጅ የገባችበት ቅዳሜ

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሽታ በመጣብኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሌላውን ሰው ደስ ይለው ይሆናል፣ እኔን ግን ያበሳጨኛል፤ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር በነበረችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ይህ ሽታ ካለ የእናቴ ወገብ ተነስቶባታል ማለት ነበር፣ እሷ ደግሞ አመመኝ ብላ ስለማታውቅ የሚያሳብቅባት ዘይቱ ብቻ ነበር።

ሁለታችን ብቻ ነበርን። እናቴ ስትሪፑ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ከባድ ፍራሽ እያነሳች አንሶላ ስትቀይር ውላ፣ ከሰዓት እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ያን የጠዋት ሺፍት ያገኘችው ስንት ዓመት የማታ ሠርታ፣ እኔን ከጎረቤት ጎረቤት ስታንከራትት ኖራ ስለሆነ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትሳሳለት።

በጋው ገብቶ በሙቀቱ የመኪና መሪ አላስነካ ሲል ወገቧም ይብስባት ነበር፤ ያኔ እትዬ ብርቄ ዘይታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጎረቤታችን ናቸው፣ አባታቸው ወጌሻ ስለነበሩ እሽታውን ከሳቸው ነው የተማሩት። እናቴን ምንጣፍ ላይ አስተኝተው በክርናቸው እየደቆሷት «ካላመመ መች ይለቃል? ቻል አድርጊው እንጂ» ይሏት ነበር፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ችላ፣ ሲጨርሱ ጎብጣ ተነስታ «እጅዎ ይባረክ፣ አሁን ተሻለኝ» ትል ነበር። የተሻላት ነገር ለእኔ አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም።

ሙቀቱ በረድ ሲል ጭራሽ ወገቧ ያዛትና ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረች። አለቃዋ ደውላ፣ ሰኞ ካልገባሽ የጠዋቱን ሺፍት ለተረኛዋ እሰጣለሁ አለቻት። ያያት ሐኪም ዲፕ ቲሹ የሚባለው ማሳጅ ይረዳሻል ብሏት ስለነበር ቅዳሜ ዕለት እኔን፣ የአሥር ዓመቷን አስተርጓሚ፣ ይዛ ሄደች።

ማሳጅ የምትሠራው ሴትዮ ረጋ ያለች ነበረች፣ ከመንካቷ በፊት ሁሉንም አስረዳችን። ይሄ ለመዝናናት የሚደረገው ዓይነት አይደለም፤ ቀስ እያለ ከላይኛው ጡንቻ ሥር ወዳለው ይገባል፣ ትንሽ ያማል፣ ነገም ሰውነት ድክም ይላል፤ ግን ትንፋሽ የሚያስይዝ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፣ ጡንቻው ይብስ ይኮማተራል እንጂ አይፈታም። ከአሥር ስንት እንደሚያማት እጠይቃታለሁ፣ ከስድስት ካለፈ ንገሩኝ አለች። እኔም አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ፣ እናቴም ገባኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ምን ዋጋ አለው። ሴትዮዋ ክርኗን አሳርፋ ስንት እንደሆነ ስትጠይቅ እናቴ «ሁለት በያት» አለችኝ። የእግሯ ጣቶች ተኮራምተዋል። ሁለት አልኳት። ሴትዮዋም ሁለት ከሆነማ ብላ ጨመር አደረገች።

«እማዬ፣ እያመመሽ እኮ ነው።»

«ዝም ብለሽ ተርጉሚ። ሁለት።»

እሁድ ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ ሰኞ ሺፍቱ ሄደ፣ እሷም ወደ ማታው ተመለሰች። ያን ክረምትና ከዚያም በኋላ ስንት ክረምት ቁልፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባዶ ቤት እገባ ነበር፣ እሷም ከሥራ ቦታ በዕረፍቷ ደውላ «በላሽ?» ትለኝ ነበር። የሚያናድደው ግን እሱ አይደለም፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሰው ሁሉ «ያ ማሳጅ ነው የጨረሰኝ» ስትል እኔ አጠገቧ ቆሜ እርር ድብን እል ነበር። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? እኔስ ብሆን «ስምንት» ብዬ ብናገር ቢበዛ ብትቆጣኝ ነው፣ ቁጣዋን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው የሐኪም ቤቶች ሰፈር ካሉት ክሊኒኮች በአንዱ ይህንኑ የማሳጅ ሥራ እሠራለሁ። ገና እጄን ሳላሳርፍ «ዘጠኝ» የሚሉኝ አሉ፣ አልናደድባቸውም፣ ቀለል አደርግላቸዋለሁ። የሚያቃጥለኝ የእናቴ ነው፤ በዕረፍቴ ቀን መጥታ እያሸኋት ስጠይቃት ዛሬም «ምንም አይልም፣ ሥራሽን ሥሪ» ነው መልሷ። ባለፈው ወር ትዕግሥቴ አለቀና «እስቲ ያን ቅዳሜ ለምን አልተናገርሽም? ሴትዮዋን አፍረሽ ነው?» አልኳት።

ፊቷን ከአልጋው ሳታነሳ «የምን ሴትዮ?» አለች። «አንቺ ዓይን ዓይኔን እያየሽ እንዴት ብዬ አመመኝ ልበል? ያን ሰሞን እኮ ማታ ማታ ትሞቻለሽ ወይ እያልሽ ታለቅሺ ነበር።»

ማልቀሴን ረስቼዋለሁ። ስንት ነው ብዬ ሳልጠይቃት ቀለል አደረግኩላት።

ያኔ እኔን ውጪ የሚያስቀምጠኝ ሰው አልነበረም። አሁን ልጁን ለማስተርጎም ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ በስልክ አስተርጓሚ እጠራና ልጁን ከበሩ ውጪ ወንበር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ያማል ይሉኛል።