ጃርት የሚሆነው የደን ጠባቂ

የካቲት ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ጠዋት። የደን ጠባቂው የጃርቱን ግራ ጆሮ እየሰፋ ነበር። መርፌውን እንደ ሰካ ተነሣ፤ ጆሮው እስከ ዛሬ በግማሽ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጃርቱ ከአሮጌ ብርድ ልብስና ከመጥረጊያ ጭራሮ የተሠራ ልብስ ነው። ስለ ደን እሳት ሊያስተምር ያን ለብሶ ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ ዴስክ ላይ ይወጣሉ።

"ጫካ ውስጥ ክብሪት የሚጭር ማነው?"

"ሞኝ!"

"ፍሙን ሳያጠፋ የሚሄድስ?"

"የሞኝ ታላቅ ወንድም!"

በመጨረሻ ድምፁን ያቀጥናል፦ "ቤቴ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ነው። ጭስ ካያችሁ ድረሱልኝ!" ልጆቹ እንባ የሚያቀርሩት እዚህ ላይ ነውና ይህችን ቃል ይወዳት ነበር።

ያን ጠዋት ከጫካው ጭስ ተነሣ። ከትምህርት ቤቱ ጎን የምትሠራው ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት እንደ ለበሰች እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ! ልጄ የለችም! 'ጃርት ሊቃጠልብን ነው' ብላ ከክፍል ወጣች አሉኝ!"

"አፌን በቆረጠው!" አለና ወደ ቋጥኙ ሮጠ።

ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ቅርንጫፍ በተንጣጣ ቁጥር ልቡ አብሮ ይዘላል። ቢጣራ መልስ የለም። ቋጥኙ ሥር ሲደርስ ልጅቷ የውሃ ኮዳዋን ታቅፋ ተኮራምታለች። ስታየው ወደ ውስጥ ሸሸች።

"ከማላውቀው ሰው ጋር አልሄድም!"

እውነቷን ነው፤ ያለ ጃርቱ ልብስ ፊቱን አይታው አታውቅም። እሳቱ ከኋላው ሣሩን እየላሰ መጣ። የጃርቱን ድምፅ ሊያወጣ ሞከረ፤ እንደ ታነቀ ዶሮ ጮኸ።

"እኔ ነኝ... ጃርት።"

"እሾህህስ?"

"በሩጫ ረገፈ።"

ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እጇን ሰጠችው። አቅፏት ሲወጣ የሸሚዙ ጀርባ ጠቁሮ ነበር።

በማግስቱ ያለ ልብሱ ክፍል ገባ። "ጭስ ካያችሁ ሽሹ፤ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። ጃርት የራሱ እግር አለው" አላቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ አስደገማቸው።

ሰኞ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ለመጨረሻ ጊዜ ጉዳይ ይዞ የወጣው ቅዳሜ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ጭሱ ሳል ላስያዛት ልጅ ሽሮፕ ገዝቶ ጋጋሪዋ ደጅ ቆመ።

"ይግቡ እንጂ ጋሼ።"

"አልገባም። ሳሏን ልስማ።"

ከውስጥ የልጅቷ ሣቅ እንጂ ሳል አልተሰማም።

"ቢሆንም ከምግብ በኋላ አንድ ማንኪያ ስጫት" ብሎ ጠርሙሱን አስረከባትና ወደ ቤቱ ሄደ።